ጥበቃው «አንቺ» ይለኛል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስቱን መረጥኩ። ሦስቱም ዞረው ዞረው የሚያወሩት ስለ መከበር ነው። አዲስ ለሆናችሁ አንባቢዎች አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። ከ1977 እስከ 2017 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቼ በጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ደብዳቤ ገቢ አደርጋለሁ፣ ወጪ አደርጋለሁ፣ ፋይል እፈልጋለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ መስኮት በኩል የሰው ፊት ሳይ ኖርኩ። የማውቀው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 28 ነው። የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ከተሾምኩ ስድስት ወር ሆነኝ። ሥራውን እችለዋለሁ። ያስቸገረኝ ሰው ነው። በር ላይ ያለው ጥበቃ ጠዋት ስገባ «አንቺ ልጅ፣ ደህና አደርሽ?» ይለኛል። ደንበኛ ፊት ሳይቀር! የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ሲገቡ ግን ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር የሚቀበላቸው። እኔ ስገባ ቁጭ እንዳለ ነው። ከሠራተኞቹም ሁለቱ በዕድሜ ይበልጡኛል። የማዛቸውን ሁሉ «እሺ» ይላሉ፤ አይሠሩትም። ጓደኞቼ «ኮስተር በይባቸው» አሉኝ። ሞከርኩት፤ ጭራሽ ባሰ። ጥበቃውን «እርስዎ በለኝ» ልለው ፈለግኩና አፈርኩ። ምን ላድርግ?
ር.ዘ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ር.ዘ.፣ በልጄ ዕድሜ ስለሆንሽ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። እኔንም እንዳትቀየሚኝ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጥበቃው «ይለኛል»፣ «ብድግ ብሎ»፣ «ቁጭ እንዳለ»። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ግን «ሲገቡ»፣ «የሚቀበላቸው»። የጥበቃውን ዕድሜ አልነገርሽኝም። አንቺን «ልጅ» ካሉሽ ግን አባትሽ የሚሆኑ ሰው ይመስሉኛል። እሳቸውን በአንተ፣ አለቃሽን በአንቱ ጻፍሽና ለራስሽ አንቱታ ጠየቅሽኝ። «እርስዎ በለኝ»! ይቺን እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢያት። እኔ ብቻዬን ሳሎን ቁጭ ብዬ ሳቅኩ።

ክፉ ሆነሽ እንዳልጻፍሽው አውቃለሁ። እጅሽ ነው የጻፈው፣ አላሰብሽበትም። ግን እጅሽ የሚያውቀውን እሳቸውም ያውቁታል። በሩን እንዴት ብለሽ እንደምታስከፍቺ፣ ሰላምታቸውን ስትመልሺ ዓይንሽ ስልክሽ ላይ ይሁን እሳቸው ላይ፣ ይህን ሁሉ በር ላይ የቆመ ሰው ያያል። ሌላ ምን ሥራ አለው? ሲያይ ነው የሚውለው። እኔም መስኮት ላይ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ።

ሥራ ስጀምር ዘመኑ የ«ጓድ» ነበር። ኃላፊውም ጓድ፣ ዘበኛውም ጓድ፣ እኔም በሃያ ዓመቴ ጓዲት። ብዙው ደብዳቤ መጨረሻው ላይ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» የሚል መፈክር ነበረበት። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መጠሪያ ስላለው እኩል ሆነ ይባል ነበር። መስኮቴ ላይ ግን ጓድ ብዙ ዓይነት ነበር። አንዱ «ጓዲት፣ እንደምን ዋልሽ?» ሲለኝ ወንድሜ ይመስለኛል። ሌላው «ጓዲት!» ሲል ጉልበቴ ይብረከረካል። ግንቦት 1983 ላይ መንግሥት ሲለወጥ ጓድ ቀረ። መፈክሩም ተነሥቶ «ከሰላምታ ጋር» ብቻ ሆነ። ሲያመናጭቀኝ የነበረው ሰውዬ ግን በ«ወይዘሪት»ም ማመናጨቁን ቀጠለ። ቃሉ ተለወጠ፣ እሱ የት ሄዶ?

እርስዎ የሚለውም ከዚህ አይሻልም። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ «እርስዎ ምሳዎን በልተዋል?» ሲባባሉ ሰምተሽ አታውቂም? እሱ አንቱታ ከጥፊ ይብሳል። አባቴ ደግሞ እስኪሞት ድረስ «አንቺ ልጅ» ነበር የሚለኝ። ዛሬም ቢጠራኝ ደስታዬ ነበር። ስለዚህ ጥበቃው «አንቺ ልጅ፣ ደህና አደርሽ?» ሲሉሽ በየትኛው ፊት እንደሚሉት መጀመሪያ ልብ ብለሽ እዪ። «ደህና አደርሽ?» የሚል ሰው የናቀሽ አይመስለኝም። የናቀሽ ሰው ዝም ነው የሚልሽ።

ይሁንና አንድ ነገር አልሸፋፍንልሽም። በአንቺ ቦታ የ28 ዓመት ወንድ ቢሆን «ጋሼ» ሳይባል ይቀር ነበር? እንጃ። እኛ መሥሪያ ቤት ሱፍ የለበሰ ጎረምሳ በገባ በሁለተኛው ቀን «አለቃ» ይባል ነበር። ሴቷ ግን በዲግሪ ላይ ዲግሪ ደርባም «እቺ ልጅ» ነበረች። ቅር ማለትሽ ልክ ነው። ደንበኛ ፊት «አንቺ» መባሉ ሥራሽን ይነካል። ብቻ መንገዱ መኮሳተር አይደለም። ሞክረሽ አይተሽዋል።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ሰኞ ጠዋት ቅርንጫፉ ለደንበኛ ሳይከፈት እደርሳለሁ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ሰላምታ የእግዜር ነው፣ እኔ ልቅደም ብዬ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» እላለሁ። ስማቸውን እጠይቃለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ሳታውቂው ከርመሽ ከሆነ ይቅርታ ብለሽ ጠይቂ፤ ያስቃል እንጂ አያሳፍርም። ከዚያ ሁለት ሳምንት ምንም አልጠይቅም። ሰላምታ ብቻ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም በሌለበት «ጋሽ እገሌ፣ ከግቢ ውጭ ልጅዎ ነኝ፤ አንቺ ይበሉኝ። ደንበኛ ፊት ግን ለሥራው ሲባል እርስዎ ቢሉኝ» እላቸዋለሁ። ይህን ሰምቶ እምቢ ያለ ጥበቃ እኔ አልገጠመኝም።

መነሣታቸውን ግን ተዪው። ሌሊቱን ቆመው ያደሩ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ በተወለድኩበት በሰሜን ሸዋ ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ይነሣል። የገባው ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? «በእግዜር! በእግዜር!» እያለ ሁሉንም በእጁ ወደ ታች ወደ ታች ይላቸዋል። ሰው ተነሥቶለት ቆሞ የሚያይ ትልቅ ሰው አላየሁም። ተጣድፎ ነው የሚያስቀምጣቸው። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅሽም እንዲያ ያደርጉ ኖሮ ይሆን? ጥበቃውን ጠይቂያቸው። ይነግሩሻል።

ወደ ሁለቱ ሠራተኞች ልምጣ። «እሺ» ዓይነቱ ብዙ ነው። አንድ «እሺ» እሠራዋለሁ ማለት ነው። «እሺ እሺ» ግን ሂጂልኝ ማለት ነው። የአንቺዎቹ የትኛውን እንደሚሉ መገመት አያቅተኝም።

እኔ ስምንት ኃላፊዎች አሳልፌአለሁ። አንደኛው ሲገባ ካልተነሣን ፊቱ ይጠቁር ነበር። እንነሣለን፣ «እርስዎ» እንላለን፣ በር እንከፍታለን። አንድ ቀን ቀኑ የተሳሳተ ደብዳቤ ፈርሞ ላከልን። ሦስታችንም አየነው። ሦስታችንም ማኅተም መትተን ወጪ አደረግነው። ለምን እንናገራለን? «እሺ» በሉ ነው የተባልነው፣ «እሺ» አልን። ደብዳቤው ዞሮ ተመልሶ መጥቶ ጉድ ፈላ። ሌላው ደግሞ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ልጅ ነበር። ረቂቁን ራሱ ይዞ መዝገብ ቤት ይመጣል። «እትዬ፣ እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ላይ ከዚህ በፊት ምን ተብሎ ነበር የተጻፈው?» ይለኛል። እኔ ደግሞ የአሥር ዓመት ፋይል አገላብጬ አመጣለታለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢሆንም። ይህ ልጅ አንድም ቀን ተነሡልኝ አላለም። እሱ ሲገባ ግን ወንበር የማያቀርብለት አልነበረም።

ሁለቱ ታላላቆችሽ አንቺ የማታውቂው ምን ያውቃሉ? ደንበኛውን በስም ያውቁ ይሆናል። የትኛው ነጋዴ ሐሙስ ጠዋት ብር ይዞ እንደሚመጣ ያውቁ ይሆናል። እሱን ጠይቂያቸው። ማስመሰል ግን እንዳይሆን፤ ከልብሽ ካልፈለግሽው ባትጠይቂ ይሻላል። ሰው ያውቃል። ያዘዝሽውን ከጠየቅሻቸውም በኋላ ካልሠሩ፣ ያኔ ኃላፊ ነሽና በጽሑፍ ጠይቂ። አክባሪ መሆን ማለት ሥራ ሲበላሽ ዝም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ከደሴ መጥታ ከእኛ ጋር ናት፤ አምስት ወር ትቆያለች። የዘጠኝ ዓመት ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራልም። ግን አያቱን «አንቺ» ነው የሚላት። ዕቃ ሲያቀብላት በግራ እጁ ነው። ስትቆጣው ደግሞ ዓይን ዓይኗን ያያታል። ትምህርት ቤት የለመደው ነው፤ ትልቅ ሰው ሲያናግርህ ዓይን ዓይኑን እይ ይሏቸዋል። እናቴ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። አሁን «ልጅህ ንቆኛል» ብላ አኩርፋለች። እኔና ባለቤቴ ልጁን ይዘን በጠዋት እንወጣለን፤ ተኝታ ስለምትሆን አንቀሰቅሳትም። ማታ ደክሞን ነው የምንገባው። ልጁን እንዴት ላስተካክለው?
አ.፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ በእናትህ አገር አባባል «አብሽር!» ልበልህ። ልጅህ አልናቃትም።

አንተ ራስህ ምን ትላታለህ? «መጥታ»፣ «ስትቆጣው»፣ «አኩርፋለች»። በአንቺ ነው የጻፍካት። ደግ አደረግክ። እኔም እናቴን አንቺ፣ አባቴን እርስዎ እያልኩ ነው ያደግኩት። በብዙ ቤት እናት አንቺ ናት፤ ሆድ ቅርብ ስለሆነች። ልጁም አባቱ ሲላት የሰማውን አላት። ከላይ ለር.ዘ. የጻፍኩትን አንብበህ «ለእሷ ተቆጥተሽ ለእኔ ምነው?» ካልከኝ፣ አንተ እናትህን ስታነሣ ድምፅህ ይሰማኛል። እሷ ግን ጥበቃውን እንደ በሩ ቆጥራ ነው የጻፈችው።

የድሬዳዋ ልጅ መዝገብ ቤት አብራን ትሠራ ነበር። ድሬዎች አንቱታ ላይ ብዙም አይደሉም፤ ወንዱንም ሲያሻቸው «አንቺ» ይሉታል። በመጣች በሳምንቷ የመምሪያ ኃላፊያችንን «አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው ዛሬ ፊትሽ የጠቆረው?» አለችው። እኛ ጠረጴዛ ሥር ልንገባ ምንም አልቀረን። ሰውየው መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሲከፋው ወደ እሷ ነበር የሚመጣው። ሌላ ሰው ያንኑ ቃል ቢለው ኖሮ ዝውውር ይጽፍበት ነበር።

ልጁን እርስዎ ማስተማር ግን ጥሩ ነው። ለእንግዳ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ሽማግሌ ያስፈልገዋል። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ «ዩ» ነው ያለው። የእኛው ደግሞ መጠሪያው ብቻ ተለውጦ አይበቃም፣ ግሱም አብሮ ይለወጣል። «እርስዎ ና» እያለ ሊያስቅህ ይችላል። ስለዚህ ሰዋስው አትንገረው፤ ሙሉውን አስይዘው። «ይግቡ»፣ «ይቀመጡ»፣ «ይብሉ»፣ «እንደምን ዋሉ»። እንግዳ ሲመጣ በር የመክፈት ሥራ ስጠው። ሁለት ሦስት እንግዳ ካስገባ ምላሱ ራሱ ይለምደዋል።

እጁንም እንዲሁ። ቀኙን በግራው ደግፎ ማቀበልን አያቱ ታስተምረው። አንተ አይደለህም፣ እሷ። ቡና ስታፈላ አጠገቧ አስቀምጠው፤ ሲኒውን እሱ ያድርስ። ግራ እጅ ለምን እንደማይሰጥ ትነግረዋለች፣ እግረ መንገዷንም ስለ ልጅነትህ አንተ ራስህ የማታውቀውን ታወራለታለች።

ስለ ዓይኑ፦ አትከልክለው። ትምህርት ቤት መሬት መሬት ካየ «የሚደብቀው አለ» ይሉታል። ቤት ዓይን ዓይን ካየ «ደፋር» ይባላል። ምስኪን ልጅ፣ ወዴት ይይ? አያቱ ፊት አስቀምጠህ ራሱ እንዲነግራት አድርግ። «አያቴ፣ እኛ ትምህርት ቤት ዓይን ማየት አዳምጥሃለሁ ማለት ነው» ይበላት። በራሱ አፍ ሲነግራት ትስቃለች እንጂ አትቀየምም። እሷም በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ትንገረው። ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። እኔ የማውቃቸው የውጭ ልጆች ሁለቱንም ይዘው ሲያድጉ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ራስህ ና። ከደብዳቤህ ሁሉ ያሳሰበኝ ያ በችኮላ የጻፍከው ነው፤ «ተኝታ ስለምትሆን አንቀሰቅሳትም»። በሷ ዕድሜ ያለች የደሴ ሴት በጠዋት ተኝታ የምትሆን ይመስልሃል? ነቅታ ነው። የቧንቧውን ድምፅ፣ የልጁን ጫማ፣ የበሩን መዘጋት ትሰማለች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። ደሴ እያለች ከደጇ ወጥታ ዳቦ እስክትገዛ ድረስ ስንት ሰው «እንደምን አደርሽ» ይላታል! አንተ ቤት የሚላት የለም። «ልጅህ ንቆኛል» ስትልህ ልጁ ስትል የትኛውን ልጅ እንደሆነ እስቲ አስብበት።

ማቀዝቀዣው በእሷ ምግብ ሞልቶ ይሆናል፣ አልጠራጠርም። ከፍትፍቱ ፊቱ ይላሉ እናቶቻችን። ነገ ከመውጣታችሁ በፊት በሯን ገፋ አድርግና ልጁን አስገባው። ጉልበቷን ይሳም፤ ሳም ብትለው ጉንጯን ይሳም። አንቺ ይበላት፣ እርስዎ ይበላት፣ በዚያ ሰዓት የምትሰማው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 66 ነው። ከመገናኛ አራት ኪሎ በታክሲ ስሄድ 50 ብር ሰጥቼው ረዳቱ ከመልሴ ላይ 5 ብር አስቀረብኝ። «አንተ ወያላ፣ ሌባ!» አልኩት። ተሳፋሪው በሙሉ በእኔ ላይ ዞረ። አንዲት ልጅ «አባባ፣ ለ5 ብር ነው?» አለችኝ። ገንዘቡ የእኔ አይደለም እንዴ? ድሮ ሽማግሌ ሲናገር ሰው ያደምጥ ነበር።
ጡረተኛው

መልስ፦ ገንዘቡ የእርስዎ ነው። 5 ብርም ቢሆን፣ 50 ሳንቲምም ቢሆን። ያቺ ልጅ ተሳስታለች፤ የጡረታ ብር ወሩ ሲጋመስ ምን እንደምታህል ገና አላየችም። እኔ አይቻታለሁ።

ግን ጌታዬ፣ ታክሲ ውስጥ የነበረው ሰው ሒሳብዎን አልሰማም። የሰማው «ወያላ» እና «ሌባ» የሚሉትን ነው። ለእኔ ሲጽፉ «ረዳቱ» ብለዋል፤ ፊቱ ላይ ግን «ወያላ»። እሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ ይጮሃል፤ ድምፁ ዘግቷል። ያ ሰርቆ እንዲበላ አያስፈቅድለትም። «ልጄ፣ 5 ብር ረሳህብኝ» ቢሉት ግን መልሱን ይሰጥዎት ነበር። ባይሰጥዎትም ያ ሁሉ ተሳፋሪ ከእርስዎ ጋር ይቆም ነበር። «ረሳህብኝ» ሲሉት እኮ ሰው ፊት ሳይዋረድ የሚወጣበት ቀዳዳ ይተዉለታል።

በእርስዎ ላይ ፈርጄ ራሴን ልደብቅ አልችልም። ወደ 1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በአንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች ፋይል ፍለጋ መስኮቴ ላይ መጡ። አንደኛው ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ» ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሌላው የአርባ ዓመት ሰው ነው። የመስኮቱን መስታወት በመኪና ቁልፍ ኳ ኳ አድርጎ «ስሚ!» አለኝ።

የሽማግሌውን ፋይል በዚያው ቀን አቧራ ውስጥ ገብቼ፣ ወንበር ላይ ቆሜ አወጣሁላቸው። ሰውየውን «ነገ ይመለሱ» አልኩት። ነገም «ነገ»። ሦስት ቀን አመላለስኩት። ጥጋቡን ላበርድለት ነው አልኩ፤ ለጓደኞቼም እየሳቅኩ ነገርኳቸው። በአራተኛው ቀን ሲመጣ መስታወቱን አልመታም። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከቶ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ በቀስታ ነገረኝ። የሞተው አባቱ የጡረታ ጉዳይ ነው። እናቱ ቤት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አራት ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ሲያመላልሱት ቆይተዋል። «መጀመሪያ ስመጣ እንደ እኒያ ሽማግሌ ነበርኩ» አለኝ። «እንደምን አደራችሁ እል ነበር።»

ፋይሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጄ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ነበር። አንሥቼ ሰጠሁት።

«ተገኘ?» አለኝ።

«አሁን ገና» አልኩት።